ብርሃን የሚያጣራ ድንጋይ

የዬል ዩኒቨርሲቲን የባይነኪ ቤተ መጻሕፍት ከውጭ ብቻ ያየ ሰው ፊቱን ቢያዞር አልፈርድበትም። መስኮት የለውም፤ በኒው ሄቨን ከተማ፣ በአሮጌ ሕንፃዎች መካከል የተቀመጠ ግራጫ ሣጥን ነው። በሩን አልፈው ሲገቡ ግን፣ ፀሐይ ካለች፣ ግድግዳው በርቶ ይጠብቃል።

ግድግዳው የቬርሞንት እብነ በረድ ነው፤ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል። የብራና ሥራ ያየ ሰው የዚህ ልክ ትርጉም ቶሎ ይገባዋል። ፋቂው የወጠረውን ቆዳ እየፋቀ ያሳሳዋል፤ እጁ ካለፈ ይቀደዳል፣ ቶሎ ካቆመ ወፍራምና ሻካራ ሆኖ ይቀራል። አርክቴክቱ ጎርደን በንሻፍትም ልክ መፈለግ ነበረበት። ብርቱ ፀሐይ የመጽሐፍን ቀለም ያደበዝዛል፣ ወረቀቱን ያደርቃል፤ ድፍን ግድግዳ ደግሞ አዳራሹን መጋዘን ያደርገዋል። በዚህ ስስነቱ ድንጋዩ ብርቱውን ብርሃን ያስቀርና ለስላሳውን ያሳልፋል። ከውጭ ግራጫ የነበረው የድንጋዩ ሥር ከውስጥ የማር ቀለም ይይዛል፤ ደመና ሲያልፍ ይደበዝዝና ተመልሶ ይፈካል። በመጀመሪያ የታሰበው ኦኒክስ የተባለው ድንጋይ ነበር፤ የሚበቃ ያህል አልተገኘም። እንኳንም አልተገኘ! ኦኒክስ ከመጻሕፍቱ በላይ ራሱን ያሳይ ነበር።

የድንጋዩ ገበታዎች በረጅሙ ጎን 15፣ በአጭሩ 10፣ ወደ ላይ 5 ሆነው ተደርድረዋል። ዓይን ባይቆጥራቸውም ልካቸውን ያውቀዋል። ሕንፃውን የሚሸከሙት እነሱ አይደሉም፤ ግራናይት የለበሰው የብረት ፍርግርግ ክብደቱን ሁሉ ወደ ማዕዘኖቹ ያወርደዋል። እንደ መሶብ ወርቅ አንድ እግር ባይሆንም፣ ያ ሁሉ ድንጋይ የቆመው በአራት እግር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ዙሪያውን መስታወት ነው።

በመካከሉ ባለ 6 ፎቅ የመስታወት ማማ አለ፤ 180,000 ያህል መጻሕፍት ይይዛል። የቆዳ ጀርባቸው ከሩቅ ያበራል። ቅር የሚለኝ ይህ ነው፦ ጎብኚ ያያል እንጂ አይነካም። አንባቢ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ እዚያም ኢሳሙ ኖጉቺ በነጭ እብነ በረድ የሠራው ግቢ፣ ከነፒራሚዱ፣ ከነክቡና ከነኪዩቡ፣ በመስታወት በኩል ይታየዋል።

ቤቱ የባይነኪ ቤተሰብ ስጦታ ሲሆን የተከፈተው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ በኩል የምታልፉ ከሆነ ደመና በሌለበት ቀን ግቡ፤ መግቢያው በነፃ ነው።