ድንኳኑ ለደስታም ይተከል

በአዲስ አበባ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የለቅሶ ድንኳን ሲተከል የፈቃድ ወረቀት አሳዩ የሚል እምብዛም አይገኝም። መንገድ የተዘጋበት ባለ መኪና ጡሩምባ ሳያሰማ ዞሮ ይሄዳል፤ የዕድሩ ወንበርና ድስት ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ ጎረቤትም ለቀናት አብሮ ይውላል፣ አብሮ ያመሻል። ከተማዋ አንድን መንገድ ለጥቂት ጊዜ ከተሽከርካሪ ወስዳ ለሰፈርተኛው መስጠትን አሳምራ ታውቅበታለች። ጥያቄው ለሐዘን ይህን ያህል የተዘረጋው እጅ ለደስታ ሲሆን ስለ ምን ይታጠፋል የሚለው ነው።

ሠርግም ድንኳን አለው ይባል ይሆናል። ይሁን እንጂ ሠርግ የአንድ ቤት ድግስ ነው፤ የተጠራ እንዳለ ሁሉ ያልተጠራም አለ። በሰፈር ድግስ ግን ደጋሹም ታዳሚውም ጎረቤቱ ነው። ባህሉም ለዚህ ባዳ አይደለም። መስከረም 16 በየመንደሩ የሚቆመው ደመራ፣ በቡሄ ዋዜማ የሚለኮሰው ችቦ፣ በበዓል ሰሞን በሬ ገዝቶ የሚካፈለው የቅርጫ ማኅበር፣ በረመዳን ከቤት ወደ ቤት የሚላከው የማፍጠሪያ ሳህን፣ ሁሉም የጎረቤት ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን የሃይማኖት በዓል ለሁሉም ጎረቤት እኩል ደጅ ሊሆን አይችልም፤ እንዲሆንም አይጠበቅበትም። የጎደለው፣ ሰዎች ጎረቤታሞች በመሆናቸው ብቻ የሚገናኙበት ቀን ነው።

የጎረቤትነትን ገመድ ያላሉት ምክንያቶች የተሰወሩ አይደሉም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ጋር የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ሰፈርተኛም በመንግሥት ጥሪ መሰብሰብን ለመደ። በደርግ ዘመን በቀበሌ አዳራሽ ከሚደረግ ስብሰባ መቅረት ያስጠይቅ ነበር። ዛሬም ከላይ የሚመጣ «ተሰብሰቡ» የሚል ቃል በብዙዎች ጆሮ ውስጥ የዚያን ጊዜ ድምፅ ያሰማል። ቀጥሎም በ1990ዎቹ ማብቂያ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ ጣራ ሰጠ፤ ቤቱ የተደለደለው ግን በዕጣ ነበርና ዕጣው ጎረቤትን አላሰበም። ለረጅም ዘመን በአንድ ግቢ ቡና የተጣጣ ሰው በሌላ የከተማ ጫፍ ከማያውቀው ሰው ጋር ደረጃ ተጋራ። ነዳፊዎቹ ለማረጃ፣ ለማብሰያና ለመሰብሰቢያ የሚሆን የጋራ ቤት በግቢው ውስጥ ማካተታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ቤት ግን ብቻውን ጎረቤት አያፈራም። በ2016 በፒያሳና በአካባቢው የተካሄደው ፈረሳም ነባር መንደሮችን በተነ። በምትኩ የመጡት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና አደባባዮች ለመንሸራሸር ያምራሉ፤ ጎረቤት ድስቱን ጥዶ የሚያስተናግድባቸው ግን አይደሉም።

በዚህ ረገድ ሊመዘን የሚገባው ሙከራ በ2011 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ነው። በወሩ የመጨረሻ እሁድ ዋና ዋና መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ሕፃናት ኳስ ሲለጉበት፣ ጎልማሶች ሲሮጡበት መታየቱ፣ አስፋልት የመኪና ርስት ብቻ አለመሆኑን አስተምሯል። ጉድለቱ ከስፋቱ ይመነጫል። በዋና ጎዳና ላይ የሚገናኘው መንገደኛ ከመንገደኛ ጋር ነው፤ ስፖርቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያገናኘው፣ ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ድንጋይ ያስነጠፈበት የውስጥ መንገድ ነው። ለንጣፉ የተዋጣበት መንገድ ለመቀመጫም ሊሆን ይገባው ነበር።

ከውጭ የሚቀሰም ትምህርት አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. በፓሪስ 17ኛ ወረዳ አታናስ ፔሪፋን ያስጀመሩት የጎረቤቶች በዓል ከአንድ ዓመት በኋላ በመላ ፈረንሳይ ተዛመተ። የማዘጋጃ ቤቶች ድርሻ የጥሪ ወረቀትና መለጠፊያ ማቅረብን የመሰለ ቀላል ነገር ነው፤ ምግቡን የሚያመጣው ጎረቤቱ ራሱ ነው። ኪጋሊ በበኩሏ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንገዶቿን በተወሰኑ እሁዶች ለእግረኛ ትለቃለች። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በመላ ሩዋንዳ የሚካሄደው «ኡሙጋንዳ» የጋራ ሥራም ጎረቤታሞችን ካሠራ በኋላ ለውይይት ያስቀምጣል። ይሁንና ኡሙጋንዳ በሕግ የታዘዘ ግዴታ ነው፤ የቀበሌን ስብሰባ ለሚያስታውስ ሕዝብ የሚስማማው የፓሪሱ መንገድ ይመስላል።

እንግዲህ ከተማዋ ምን ታድርግ? አስቀድሞ ነገሩን ከሰልፍ ትለይ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲታወቅ ይደነግጋል። ቡና አፍልቶ፣ ዳቦ ቆርሶ ለመጨዋወት የሚወጣ ሰፈር በዚህ ዓይን መታየት የለበትም። አውቶቡስ ለማይገባበት የውስጥ መንገድ፣ ጎረቤቶች የፈረሙበት አንድ ገጽ ማስታወቂያ ለወረዳው መስጠት፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓቱንም መግለጽ ይበቃል። ወረዳው የመንገድ መዝጊያ ያውስ፤ በማግስቱ ቆሻሻውን ያንሳ። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ሳህኑ በየዕድሩ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ከሁሉ በላይ ግን ባነር አይሰቀል፣ ንግግር አይደረግ፣ መዋጮ በግዴታ አይጠየቅ። ባለሥልጣን ከመጣ እንደ ጎረቤት ሳህን ይዞ ይምጣ።

ተቃውሞ አይጠፋም። ሁካታው የታመመ ያስቸግራል፤ መጠጡ ጠብ ያመጣል፤ አምቡላንስ መግቢያ ያጣል የሚሉ ይኖራሉ። ሥጋታቸው ቀላል ባይሆንም መልስ አለው፤ ሰዓቱ በጀምበር ይወሰን፣ ለአምቡላንስ የሚሆን መተላለፊያ ይተው። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው፤ ነባርና ድርጁ ሰፈር ያለ ከተማው እርዳታም ይደግሳል፣ ገና ያልተዋወቁት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግን አስታዋሽ ይሻሉ። ስለዚህ ድጋፉ ወደነዚህ ሊያደላ ይገባል። ዕድር እንኳ የሚያውቀው በሞት ቀን ነው፤ በደረጃው ላይ በየቀኑ የሚተላለፉ ሰዎች ስማቸውን ለመጠያየቅ ሬሳ እስኪወጣ መጠበቅ የለባቸውም።

ቀኑን በተመለከተ ጳጉሜን የሚያህል ምቹ ጊዜ አይገኝም፤ የዓመቱ ሒሳብ የተዘጋበት፣ አዲሱ ያልጀመረበት ክፍተት ነው። በቅርብ ዓመታት ለጳጉሜን ቀናት በመንግሥት የተለያየ ስያሜ ሲሰጥ ቆይቷል። አንዱ ቀን ያለ ስያሜና ያለ መርሐ ግብር ለጎረቤት ቢተው ከተማዋ የምትከስረው የለም። ዝናቡ ገና አልወጣም የሚል ካለ፣ ድንኳኑ ለዚሁ ነው።