ልጁን ከክፍሉ አስወጣለሁ

በቅርቡ የኖተሪ ፈቃድ ያወጣ ወጣት «ጋሼ፣ ሁሉም በቪዲዮ ማለቅ እየቻለ ለምን አሁንም ማኅተም ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰነድን በርቀት ማረጋገጥ በአሜሪካ የተጀመረው በእኛው ቨርጂኒያ ነው፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2012 ሥራ ላይ ዋለ። ቀረጻውም 5 ዓመት ይቀመጣል። ለቤት ብድርና ለመሳሰለው እኔም በቪዲዮ እሠራለሁ።

የአረጋውያንን ውክልና ግን በቪዲዮ አልነካም።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት እናት ቤት ተጠርቼ ሄድሁ። ልጃቸው ወረቀቱን አዘጋጅቶ፣ መታወቂያቸውን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ መፈረሚያው ላይ ቢጫ ምልክት ለጥፎ ጠበቀኝ። «እስቲ ቡናውን አንተ አፍላልን» ብዬ ወደ ማድ ቤት ላክሁትና «እማማ፣ ይህ ወረቀት ምን ያደርጋል?» አልኋቸው።

«አዲስ አበባ ያለውን የቤቴን ግብር እንዲከፍልልኝ ነው።»

ወረቀቱ ግን «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» ይላል። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2205 ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል፤ ጉዳዩ ያለው እንግዲህ እዚያች ቃል ላይ ነው። ጣቴን ቃሉ ላይ አሳረፍሁ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ወጣቱ «በቪዲዮም ካሜራውን አዙሩልኝ ማለት ይቻላል» ብሎ ተከራከረኝ። ካሜራው ሲዞር ከጎን የቆመው ልጅም አብሮ ይዞራል፤ ቡና እንዲያፈላ ልኬ በሩን ልዘጋበት አልችልም።

ይህን የማጠብቀው ወገኖቻችን ማኅተሜን እንደ አገር ቤቱ ውልና ማስረጃ ስለሚያዩት ነው። እዚያ ሹሙ የሰነዱን ይዘት፣ የባለቤትነት ማስረጃውን ሁሉ ይመረምራል። እዚህ እኔ የማረጋግጠው የፈራሚውን ማንነትና ፈቃዱን ነው፤ ጠበቃ ስላልሆንሁ የሕግ ምክር እንኳ መስጠት አይፈቀድልኝም። «ኖተሪ አይቶታል» ማለት ውሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ባዶ ቦታ የቀረበት ወረቀት አታምጡ። መሐላ ያለበትን ቀድማችሁ አትፈርሙ። ወረቀቱ የሚያርፍበትን መሥሪያ ቤት፣ ኤምባሲም ይሁን ባንክ፣ በቪዲዮ የተረጋገጠ ይቀበል እንደሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በአባቷ ቤት ድርሻ ጉዳይ ቀለም የነካ አውራ ጣቷን ወረቀት ላይ ስታሳርፍ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ማንም አላነበበላትም። ማታ ጣቷን በሳሙና እየፈተገች «ምን ይል ነበር ልጄ?» አለችኝ። ሦስተኛ ክፍል ነበርሁ፤ ማንበብ እችል ነበር። ወረቀቱን ግን አጎቴ ይዞት ሄዷል።