የዳርዊን የሕይወት ታሪክና የጠፋው የግጥም ጣዕም

የራስን ሕይወት መጻፍ ከሥነ ጽሑፍ ዘርፎች ሁሉ ይበልጥ ለሐሰት የተጋለጠ ነው። ጸሐፊው ተከሳሽም ምስክርም ዳኛም ሆኖ ስለሚቀርብ ያማረውን ማጉላት፣ የከፋውን ማለሳለስ አይሳነውም። ቻርልስ ዳርዊን በ67 ዓመቱ፣ በ1876 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለልጆቹ ብሎ የጻፈው ትዝታ ይህን ፈተና የሚጋፈጠው በተለየ መንገድ ነው። ጢንዚዛንና ርግብን እንደ መረመረ ሁሉ፣ ራሱንም እንደ አንድ ናሙና አስቀምጦ ይመረምራል። ሞቶ ከወዲያኛው ዓለም ወደ ኋላ እንደሚመለከት ሰው ሆኖ መጻፉንም ገና ከመነሻው ይናገራል።

የመጽሐፉ ጥንካሬ በትንንሽ ነገሮች ላይ ነው። እናቱ በ1817 ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ከእርሷ በአእምሮው የቀረው የሞተችበት አልጋ፣ ጥቁር የከፋይ ቀሚሷና አሠራሩ ለየት ያለ የሥራ ጠረጴዛዋ ብቻ ነው። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን እዚህ ላይ የሙሾ ገጾችን ይደረድር ነበር። ዳርዊን ያላስታወሰውን አልፈጠረም፤ ቀሚሱና ጠረጴዛው ከሙሾ ይልቅ ይናገራሉ። በካምብሪጅ ተማሪ ሳለ ሁለት ብርቅ ጢንዚዛዎችን በሁለት እጁ እንደ ያዘ ሦስተኛ ቢያይ፣ አንዱን ወደ አፉ መወርወሩን፣ ነፍሳቱም የሚያቃጥል ፈሳሽ ምላሱ ላይ ረጭቶበት እሱንም ሦስተኛውንም ማጣቱን ሲተርክም፣ የተመራማሪው ስስት ያለ አንዳች ማብራሪያ ይታያል።

ስለ ትውልዱ ሲጽፍ ግን ብዕሩ ይበልጥ ይጠነቀቃል። በአባቱ በኩል አያቱ ኢራስመስ ዳርዊን ሐኪምና ባለቅኔ፣ በእናቱ በኩል አያቱ ጆሳያ ዌጅውድ የታወቀ የሸክላ ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። አባቱ ሮበርት ሐኪምም ገንዘብ አበዳሪም ነበር። ዳርዊን ደመወዝተኛ ሳይሆን ዕድሜ ልኩን መመራመር የቻለው በዚህ ሀብት ነው። አባቱ የሚበቃውን ያህል እንደሚያወርሰው ባወቀ ጊዜ ሕክምና ለመማር የነበረው ትጋት መላላቱን በግልጽ ያምናል። ነገሩን በዚሁ ያልፈዋል። የፋብሪካው ሠራተኛ በእነዚህ ገጾች ላይ አይታይም።

ከሁሉ የሚከብደው ዝምታ ስለ በሽታ ያለው ነው። በ1839 ያገባት ኤማ ዌጅውድ የአጎቱ ልጅ ነበረች። ዝምድናን እስከ ሰባት ቤት ለሚቆጥር አገር አንባቢ ይህ ጋብቻ እንግዳ ነው፤ በዚያን ዘመን እንግሊዝ ሀብታም ቤተሰቦች ዘንድ ግን የተለመደ ነበር። ከአሥር ልጆቻቸው ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱ። እሱ ራሱ ትውከት፣ የልብ ትርታና ድካም ለአርባ ዓመት ያህል አሠቃይተውታል፤ መንሥኤው እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። ደካማነቱን ለልጆቹ ያወረሰ እየመሰለው ይሠጋ ነበር። በ1870 በወዳጁ በጆን ላቦክ በኩል፣ በሚመጣው የሕዝብ ቆጠራ ላይ ስለ ዘመዳሞች ጋብቻ ጥያቄ እንዲጨመር ሞከረ፤ ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። በ1876 ደግሞ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ አትክልቶች ዘራቸው እንደሚደክም የሚያሳይ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ትዝታውን የጻፈው በዚሁ ዓመት ነው! ሆኖም በአትክልት ላይ በሙሉ ድፍረት የተናገረውን ነገር በገዛ ቤቱ ላይ አንድም ቃል አልተነፈሰበትም። ሕመሙን የሚያነሣው ብዙ ዓመታት ቢያጠፋበትም ከግብዣና ከፈንጠዝያ እንዳዳነው ለመናገር ነው። ናሙናው እዚህ ላይ ከመርማሪው እጅ አምልጧል።

አንድ ቦታ ብቻ ይሸነፋል። በ1851 በአሥር ዓመቷ የሞተችው አኒ ስትታወሰው፣ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላም እንባው እንደሚመጣ በጥቂት ቃላት ጽፎ ወዲያው ወደ መጽሐፎቹ ዝርዝር ይዞራል። ያ ፈጥኖ መዞር ከመጽሐፉ ውስጥ እጅግ የሚያሳዝነው ነው።

ቤተሰቡም የራሱን መቀስ አንሥቷል። ልጁ ፍራንሲስ ትዝታውን በ1887 ሲያሳትም፣ ስለ ሃይማኖት የተጻፉትንና ሌሎች ክፍሎች ቆርጦ አስቀረ። የልጅ ልጁ ኖራ ባርሎ በ1958 እስክትመልሳቸው ድረስ ስድስት ሺህ ያህል ቃላት ተሰውረው ኖሩ። ዳርዊን ራሱ በ1879 የአያቱን የኢራስመስን ሕይወት ሲጽፍ፣ ሴት ልጁ ሄንሪዬታ በተመሳሳይ አርትዖት ብዙውን ቀንሳበት ነበርና ነገሩ በቤቱ አዲስ አልነበረም።

ስለ ዘር ሐረግ ያለው እውነተኛ ስሜት የሚገኘው በ1871 በታተመው የሰውን ዘር ምንጭ በሚያጠናው መጽሐፉ ውስጥ ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ብሬም ያን ጊዜ አቢሲኒያ ይባል በነበረው ምድር ያየውን ዳርዊን ይተርካል። የዝንጀሮ መንጋ ሸለቆ ሲሻገር ውሾች ይደርሱበታል፤ አንድ ግልገል በድንጋይ ላይ ተከቦ ይቀራል። አንድ ትልቅ ወንድ ከተራራው ተመልሶ ይወርዳል፤ ውሾቹ በድንጋጤ ሲያዩ ግልገሉን አባብሎ ይዞት ይሄዳል። በመጽሐፉ መጨረሻ ዳርዊን ከዚያ ዝንጀሮ መወለድን ጠላቱን እያሠቃየ ከሚደሰት «አረመኔ» ከመወለድ አያሳንስም። ትረካው ድንቅ ነው፤ ንጽጽሩ ግን የቅኝ ገዥ ዘመን ቁስል አለበት። ለአውሬው የሰጠውን ርኅራኄ በቲየራ ዴል ፉጎ ላያቸው ሰዎች ነፍጓል። የባሪያ ንግድን ከልቡ የጠላ ሰው መሆኑ ጥፋቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ለኪነ ጥበብ ሰው ግን ትዝታው በአንድ ኑዛዜ ይታወቃል። በወጣትነቱ በጉዞ ሁሉ ሚልተንን ይዞ ይዞር የነበረው ሰው፣ በሽምግልናው አንድ ስንኝ መታገሥ ተሳነው፤ ሼክስፒር አቅለሸለሸው። አእምሮው ከብዙ መረጃ ሕግ የሚፈጭ መሣሪያ እንደ ሆነ፣ ዳግመኛ ቢኖር በየሳምንቱ ጥቂት ግጥም እንደሚያነብና ሙዚቃ እንደሚሰማ ይጽፋል። መጨረሻቸው ደስ የሚል ልብ ወለዶችን ግን ሲነበቡለት ይወድ ነበር፤ በሐዘን የሚያልቁትን የሚከለክል ሕግ መውጣት አለበት ሲል ይቀልዳል። (ሕጉ ወጥቶ ቢሆን ስንቱ ጸሐፌ ተውኔት ሥራ በፈታ!) ይህን ኑዛዜ ሳይንስ ስሜትን ይገድላል ለሚል ክርክር ማስረጃ አድርገው የሚጠቅሱት ብዙዎች ናቸው። ስሕተት ነው። ስለ አኒ የጻፈው እጅ፣ ዝንጀሮውን ከተራራ ያወረደው እጅ የደረቀ እጅ አይደለም። የጠፋው የማንበብ ልማዱ ነው፤ ስሜቱ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል።

በሞተበት ዋዜማ፣ በ1881 ስለ ምድር ትሎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ፒያኖ አለ። ትሎቹ ድምፅ ይሰሙ እንደ ሆነ ለማወቅ በአጠገባቸው ፒያኖ ይመታል፤ ልጁም ባሱን ይነፋላቸዋል። ትሎቹ ንቅንቅ አላሉም። ማሰሮዎቹ በፒያኖው ላይ ተቀምጠው አንድ ወፍራም ኖታ ሲመታ ግን ሁለቱም ትሎች ወዲያው ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ።