የደጃችን ውሻ

በአገራችን ሰውን ለመስደብ «ውሻ» ማለት ይበቃል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ከቅዱስ መርቆሬዎስ ጋራ የሚታዩት የውሻ ፊት ያላቸው ሰዎች አስፈሪዎች ናቸው፤ በሉቃስ ወንጌል ግን የድኻውን የአልዓዛርን ቍስል የላሱ ውሾች እንደ ነበሩ ተጽፏል።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድዊን ላንድሲር እ.ኤ.አ. በ1837 ባሳየው ሥዕል አንድ ውሻ በእረኛ ጌታው የሬሳ ሣጥን ላይ አገጩን አስደግፎ ያዝናል። ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ለእንስሳው የሰውን ኀዘን አልብሶታል። ከእርሱ 300 ዓመት ያህል ቀድሞ ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር የተጋደመ ውሻ በብር ሹል ጫፍ ሲሥል ያየውን ብቻ አሰፈረ። እኔ የዱረርን አስበልጣለሁ።

ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው። በወጣትነቴ ሳስተምር አንድ ልጅ ጆሮው የተቀደደ የደጃቸውን ውሻ በእርሳስ ሥሎ ቢያመጣልኝ፥ «ምነው አንበሳ አትሥልም?» ብዬ መለስሁበት። በማግሥቱ በዓይኑ ያላየውን አንበሳ ከሳንቲም ላይ ገልብጦ አመጣ፤ እኔም አመሰገንሁት። ከዚያ ወዲህ ውሻ ሲሥል አላየሁትም። ዛሬ በአምበር በጡረታ ተቀምጬ የደጄን ውሻ ባየሁ ቍጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል።

ልጆቼ ሆይ፥ የተናቀውን አስተውሎ የማያይ ዓይን የከበረውንም አያውቀውም። እርሳስ ስታነሡ ከደጃችሁ ጀምሩ።