የጭረቷ ዕዳ

ቡራዩ ውስጥ የልጆች ልብስ የምትሸጥ አንዲት ጎረቤቴ ታፔላ አሠራች። በአካባቢው ወግ ታፔላው ባለ ሦስት መስመር ነው፤ ከላይ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ መካከል ላይ አማርኛ፣ ከታች እንግሊዝኛ። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ የልጆች ልብስ። ተሰቀለ፣ አማረ፣ ፎቶ ተነሣ። ፎቶው በቴሌግራም አሜሪካ ወዳለው ወንድሟ ሄደ። ማታውኑ ተደወለ። «እንግሊዝኛው ተሳስቷል፤ ሰው ይስቅብሻል» አላት። በማግስቱ ታፔላ ጸሐፊው ቀሪ ሒሳቡን ሊቀበል ሲመጣ «መጀመሪያ ስሕተትህን አርም» ተባለ። ልጁ ደግሞ «አልተሳሳትኩም» አለ።

እናላችሁ፣ ሁለቱም ተያይዘው እኔ ቤት መጡ። ሠፈር ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ካለ ማመልከቻውም፣ የሠርግ ጥሪውም፣ የሐውልት ጽሑፉም እሱ ቤት ነው የሚመጣው። ለአንዲት ጭረት ሽምግልና ስቀመጥ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ጭረቷ እንግሊዞች አፖስትሮፊ የሚሏት፣ ከመስመሩ በላይ የምትንጠለጠለዋ ናት። ልጁ «ችልድረንስ» ብሎ ጽፎ ጭረቷን ከመጨረሻዋ ኤስ ቀጥሎ አስቀምጧታል። የአሜሪካው ወንድም ከኤስ በፊት መሆን ነበረባት ይላል። ወንድምየው ልክ ነው። ልጁን ግን ለምን እንዲያ እንዳደረገ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እትዬ የምትሸጠው የአንድ ልጅ ልብስ አይደለም፤ የብዙ ልጆች ነው። ባለቤቱ አንድ ከሆነ ጭረቷ ከኤስ በፊት፣ ብዙ ከሆነ ከኤስ በኋላ ተብለን ነው የተማርነው።»

ይሄ መልስ አስደነገጠኝ። ልጁ በግምት አልሠራም፤ የተሰጠውን ሕግ አክብሮ ነው የተሳሳተው። ሕጉን ያጎደልነው እኛ አስተማሪዎች ነን። እኔ ራሴ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያንኑ አጭር ቀመር ጽፌአለሁ፤ ለፈተና ይመቻላ! ቀመሩ «የአስተማሪዎች»፣ «የተማሪዎች» ለሚሉት ይሠራል። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን ያለ ኤስ የሚበዙ ስሞች አሉ፤ ችልድረን፣ ሜን፣ ዉሜን፣ ፒፕል። እነዚህ ጋ ሲደርስ ቀመሩ ጉድ ይሠራል፤ ጉዱ ደግሞ በየጸጉር ቤቱና በየቡቲኩ መስታወት ላይ ተጽፎ ይታያል። ሊነገረው የሚገባው እንዲህ የሚል ነበር፤ መጀመሪያ ባለቤቱን ሙሉውን ጻፍ፣ ብዙ ከሆነ አብዝተህ ጻፍ። ከዚያ ጭረቷን አስቀምጥ። ብዙው ቃል ቀድሞውኑ በኤስ ካለቀ በዚያው ተው፤ ካላለቀ ከጭረቷ በኋላ ኤስ ጨምር። በቃ። «ችልድረን» ብለህ ስትጨርስ ቃሉ ሞልቷል፤ ጭረቷ ከኤኗ ጎን ትገባለች፣ ኤስ ይከተላታል።

(ስማቸው ራሱ በኤስ የሚያልቅ ሰዎች ሌላ ጣጣ ናቸው። ከቡራዩ በአስኮ በኩል ወደ መርካቶ ስትወርዱ የምታገኙት ጳውሎስ ሆስፒታል በእንግሊዝኛ «ሴንት ፖልስ» ተብሎ ተገላገለ። ጳውሎስን እንዳለ ይዘን የእሱ ነው ብንል ኖሮ ከጭረቷ በኋላ ኤስ ይጨመር ወይስ አይጨመር በሚለው እንግሊዞቹ ራሳቸው አልተስማሙም፤ ሁለቱም ይጻፋል።)

ለልጁ ሌላም መከራከሪያ አለኝ። በአማርኛ «ልጆች»፣ «የልጁ»፣ «የልጆቹ» ብትሉ ሦስቱንም ጆሮ ይለያቸዋል። በእንግሊዝኛ ግን «ቦይስ» ስትሉ ብዙ ወንዶች ልጆች፣ የአንድ ወንድ ልጅ፣ የብዙ ወንዶች ልጆች፣ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው። ልዩነቱ ያለው በዓይን ላይ ብቻ ነው። እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም፤ «ቤቱ» ስንል የታወቀው ቤት ይሁን የእሱ ቤት ካልተጨመረበት አይታወቅም። ግን በዚህ ማንም ደመወዙ ተይዞበት አያውቅም። ባለቤቶቹ እንግሊዞችም ጭረቷን አጥብቀው የያዙት ዘግይተው ነው። በ1623 እ.ኤ.አ. የታተመው የሼክስፒር ተውኔቶች ጥራዝ ውስጥ «ዘ ዊንተርስ ቴል» የሚለው ርእስ ያለ ጭረት ነው የተጻፈው። በ2009 እ.ኤ.አ. የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት በመንገድ ታፔላዎቹ ላይ ጭረት እንደማይጠቀም አስታወቀ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ዋተርስቶንስ የተባለው ትልቅ የመጻሕፍት መደብር ከገዛ ስሙ ላይ አወለቃት። ለንደን የሚቀርላት ጭረት ቡራዩ ላይ የሰው እንጀራ ትይዛለች።

ወደ ታፔላው እንመለስ፤ የላይኛው መስመር ይበልጥ ደስ ይላል። «ኡፈተ ዳኢመኒ» ይላል። እዚያም ላይ ጭረት አለች! በቁቤ አጻጻፍ ሁዻ ትባላለች፤ ሥራዋ ግን ፍጹም ሌላ ነው። ባለቤትነት አታሳይም፤ ጉሮሮ ላይ ቆረጥ የሚለውን ድምፅ የምትወክል ናት፤ እኛ «ሰዓት» ስንል መካከል ላይ እንደምንሰማው ያለ። ብትቀር ፊደል እንደ መግደፍ ነው። ባለቤትነቱን የምትናገረው የቃሉ የመጨረሻ ድምፅ ናት። ቁቤ የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ ሆኖ በ1984 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ አንድ ትውልድ ተምሮበታል፤ ይሄም ልጅ ከእነሱ አንዱ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተማረ፤ ዘጠነኛ ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነበት። የላይኛውን መስመር ያለ አንዲት ስሕተት ጽፎታል። አንዲቱን ምልክት ከላይ ለድምፅ፣ ከታች ለባለቤትነት እያገለገለች በሁለት ሕግ ማስተዳደር የቻለ ሰው፣ በሦስተኛው ልዩ ሁኔታ ላይ ቢሰናከል የሚያስቅ ነገሩ አልታየኝም።

የሚያስቀው የመካከለኛው መስመር ነው። «የሕፃናቶች ልብስ» ይላል።

ሕፃን፣ ሕፃናት። በዛ፣ አለቀ። «ኦች» ሲጨመርበት የበዛው እንደገና በዛ። ልጁ «ችልድረን» ላይ ኤስ ጨምሮ ጭረት ያስከተለው በዚሁ ስሌት ነው። ማለትም ታፔላው ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት በሁለት ቋንቋ አለ፤ አንዱ በላይ፣ ሌላው በታች ተደራርበው። የታችኛው ከአሜሪካ ስልክ አስደወለ። የላይኛውን ያየ የለም። ባለቤቷም፣ ደንበኞቿም፣ እዚሁ ተወልዶ በአማርኛ አፉን የፈታው ወንድሟም አላዩትም።

በ«ሕፃናቶች» ላይ ድንጋይ ለመወርወር አይደለም። «ካህናቶች»፣ «መምህራኖች»፣ «ቃላቶች» የሚሉትን ከምክር ቤት እስከ ሬዲዮ ስንሰማ ኖረናል። አንዳንዱን ደግሞ ሳናውቀው አጽድቀነዋል፤ «አርእስት» በግዕዝ የ«ርእስ» ብዙ ነው፣ እኛ ግን አንዱን አርእስት ብለን ሲበዛ «አርእስቶች» እንላለን፣ ማንም ቅንድቡን አያነሣም። «ቺፕስ» በእንግሊዝኛ ብዙ ነው፤ ሠፈራችን ውስጥ አንድ ቺፕስ፣ ሁለት ቺፕሶች ነው። «ካልዲስ ኮፊ» ማለት የካልዲ ቡና ማለት ነው፤ «የካልዲስ ማኪያቶ» ስንል ካልዲን ሁለት ጊዜ ባለቤት አደረግነው። ቋንቋ ከውጭ ያመጣውን ቃል እንደ ባዕድ አያኖረውም፤ የቤቱን ልብስ ያለብሰዋል።

እንዲያውም ያ ጉደኛ ቃል፣ «ችልድረን»፣ ራሱ እንዲህ የተሠራ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ልጅ ሲበዛ «ቺልድሩ» ነበር። ዘመን ሲያልፍ ተናጋሪው የመብዣው ምልክት አልሰማው አለና፣ በሬዎችን «ኦክስን» እንደሚያሰኘው ያለ ሌላ መብዣ ደረበበት። ችልድረን የእንግሊዞች «ሕፃናቶች» ነው። ልዩነቱ እነሱ ላይ የጸና መሆኑ ነው። ቡራዩ ያለው ልጅ ሦስተኛ ድርብ ጨመረ፤ ያውም በነፃ።

እንግዲህ ፍርዱን ጠየቁኝ። ለጎረቤቴ «ለእንግሊዝኛው ከቀጣሽው ለአማርኛውም መቅጣት ሊኖርብሽ ነው» አልኳት። «አማርኛው ምን ሆነ?» አለች። ነገርኳት። ታፔላውን ቀና ብላ አየችው፣ ከንፈሯን በቃሉ ላይ አንቀሳቀሰች። «ኧረ እሱስ ግድ የለም መምህር፣ ሰው ይገባዋል» አለች። እንግሊዝኛውም እኮ ይገባ ነበር። ልብስ ልገዛ መጥቼ በጭረቷ ምክንያት ዳቦ ቤት ገባሁ ያለ ደንበኛ የለም።

ያም ሆነ ይህ ክፍያው ተፈጸመ። ልጁም ኩራቱ አልፈቀደለትምና ያለ ተጨማሪ ሒሳብ መሰላሉን ደግፎ ወጣ። ጭረቷን ከኤስ ኋላ በምላጭ ፋቀ፣ በኤንና በኤስ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ አስገባት። ቦታው ስላልበቃት ኤኗን ነካ አድርጋለች፤ የፋቀው ቦታም ላይ ነጭ ጠባሳ ቀርቷል። ወርዶ እጁን ሲያጥብ «ጋሼ፣ አማርኛውንስ ላስተካክለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤቷን አየኋት። ቀለሙ ይበላሻል አለች።

አዲስ ፎቶ ተነሥቶ ለወንድሟ ተላከ። «አሁን ገና ልክ ሆነ» ብሎ መለሰ።