ከሰዎቹ ጀርባ

የቆዩ ፎቶዎችን ስካን አድርጎ ማደስ ነው ሥራዬ፤ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ቤተሰቦች እጅ የሚመጡትን በተለይ። ደንበኛ የሚጨነቀው ለፊት ነው፤ የአባቱ መልክ ይጥራለት፣ የእናቱ ነጠላ ይንጣለት እንጂ ጀርባው ቢቆረጥ ግድ የለውም። እኔ የምለምነው ለጀርባው ነው። ፊቱን ቤተሰቡ ያውቀዋል። ከኋላ ያለውን የሱቅ በረንዳ፣ የታሰረችውን በቅሎ፣ ገበያ የወረደውን ቆጮ ግን ከዚያች ወረቀት በቀር ማን መዘገበው?

ትልልቆቹ መጻሕፍት እዚህ ላይ ብዙም አያግዙም። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር ያሰባሰቡት የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ መጽሐፍ በ1935 እ.ኤ.አ. ያበቃል። ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው ጥናቱ ያተኮረው በገጠሩና በእንሰቱ ላይ ነው። ከተሞቹን ያሳደጋቸው መንገድ ነው፤ ወልቂጤን የጅማው፣ ቡታጅራን የዓለምገናው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚሠሩ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ያስጠርጉ ነበር። ለመስቀልና ለአረፋ በዚያ መንገድ ከሚገባው ሰው መካከል ካሜራ የያዘም አይጠፋም። ስለዚህ እጄ ከሚገቡት ብዙዎቹ የበዓል ፎቶዎች ናቸው፤ ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ፣ በጀፎረው፣ በሰፊው የመንደር መንገድ ላይ ተሰልፎ። አዘቦቱን ብሎ ያነሣው የለም። አዘቦት የሚገባው በጠርዙ በኩል ነው፤ እንስራ ያዘለች ልጅ፣ ግማሽ አካሉ ብቻ የታየ ሸማኔ። ጠርዙን የቆረጠ እነዚህን ነው የሚጥላቸው።

ዘመኑን የሚነግረኝም ጀርባው ነው። ጣሪያው ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ? የመብራት ምሰሶ አለ? ቦታውን ስፈልግ ደግሞ ለቡታጅራ የዘቢዳር ተራራ አለልኝ። ቤት ይፈርሳል፣ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፤ የተራራው ጫፍ ግን ያው ነው። በፎቶው ውስጥ አንድ ሚናራ ከየትኛው ጉብታ ትይዩ እንደቆመ አያለሁ፤ ሌላም እንዲህ ያለ ጥንድ እፈልጋለሁ። ሁለቱ ጥንዶች እንደ ፎቶው የሚገጥሙበት ቦታ ላይ ስደርስ አንሺው የቆመበት ቆሜያለሁ ማለት ነው።

ወደ ማደሱ ስመጣ፣ መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ በጭራሽ አይጎተትም። ምስሉን የያዘው የጀላቲን ሽፋን እርጥበት ሲነካው ለስልሶ መስታወቱን ይይዛል፤ ከጎተቱት መልኩ እዚያው ይቀራል። ከነመስታወቱ፣ ከነጭሱ ስካን ይደረጋል፤ ያ ቅጂ ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በሌላ ቅጂ ላይ ፊት ማጥራት ይቻላል። የተቀደደ ግድግዳን በግምት መሙላት ግን አልቀበልም፤ ያልነበረ መስኮት ለልጅ ልጅ ማውረስ ነው።

ሽማግሌዎች ፊት ስቀርብ "ሰውዬው ማን ናቸው?" ብዬ አልጀምርም። "አባባ፣ ይህ ቤት የማን ነበር?" እላለሁ። ከቤቱ ባለቤት ወደ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ከዚያ የገበያው ቀን ወደተለወጠበት ዓመት ይሄዳሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ካልተስማሙ የሁለቱንም ቃል ከነስማቸው በለስላሳ እርሳስ ከፎቶው ጀርባ እጽፋለሁ።