ስለ ሴንዳዩ ሰነድ አጭር ሂስ
በጃፓን አገር በሴንዳይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቀው የአደጋ ሥጋት መቀነሻ ሰነድ፥ ሴቶች፥ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በዕቅዱ እንዲካፈሉ በመግቢያው አሳምሮ ይናገራል። ወደ ሰባቱ ግቦች ሲደረስ ግን እነዚህ ሰዎች አይገኙም። የመጀመሪያው ግብ የሚሻው ከ100,000 ሰው የሚሞተው እንዲቀንስ ብቻ ነው፤ ማን እንደ ሞተ አይጠይቅም።

ይህ ጥቃቅን ነቀፌታ አይደለም። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1991 የደረሰው ዐውሎ ነፋስ ወደ 140,000 ያህል ሰው ሲፈጅ፥ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች እጅግ በዝተው አለቁ። ማስጠንቀቂያ አልጠፋም፤ ነገር ግን በይበልጥ የሚሰማው ወንዶች በሚውሉበት አደባባይ ነበር፤ ብዙዎቹ መጠለያዎችም (ያሉትም ጥቂት ነበሩ) ለሴቶች የተለየ ስፍራ አልነበራቸውም። እንግዲህ ቍጥሩ በጾታ፥ በዕድሜና በአካል ጉዳት ተለይቶ እንዲቀርብ ግቡ ራሱ ማዘዝ ነበረበት።